ፌንጣ፣ ባሻ ታከለና ሰባተኛዋ ማርሽ

ጡረታ ያወጡኝ ዕለት አለቃው ንግግር አደረገ። ስሜን አሳስቶ ጠራ፣ የሠራሁበትንም ክፍል አሳሳተ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ሸለመኝ። ብርድ ልብሱ ወንፊት ነው። ከተማችንን ንፋስ መውጫ ያሏት በከንቱ እንዳልሆነ እያወቀ እንዲህ ያለ ጨርቅ ለሰው የሚሰጥ አለቃ፣ ሌላውንም ሥራ እንዴት እንደሚሠራ መገመት አያዳግትም።

ግብዣው ሲያልቅ ወጣቶቹ ሾፌሮች ከበቡኝና ስለ ድሮው መኪና አጫውቱን አሉኝ። ገና ስጀምር አንዱ ሰዓቱን አየ። ተውሁት። ወረቀት ሰዓቱን አያይም፤ ለወረቀት ልናገር።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ፊደል የቆጠርሁት ሚስት አግብቼ ልጅ ወልጄ ነው። ያስተማረኝም የኔታ አይደለም፤ ጂፕ ነች። ጽሑፌ እንደ ስማዳ መንገድ ከተጣመመ የሚያነብ ሰው መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ።

የተወለድሁት እስቴ ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ ሥራ ፍለጋ ንፋስ መውጫ መጣሁና በግዛቱ ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ሆንሁ። ደመወዙን ተዉት፤ ለመናገርም ያሳፍራል። እጠብቅ የነበረው ደግሞ በር አልነበረም። ግቢው ውስጥ የቆመች አንዲት የጦር ጂፕ ነበረች፤ እሷን ጠብቅ አሉኝ። ከምን እንደምጠብቃት አልነገሩኝም። ገበሬው ፈርቶ አይጠጋትም፣ ልጆቹ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ደፋር ነበሩ።

ጂፕ ስል ዛሬ የምታዩትን ምቾት እንዳታስቡ። በር የላት፣ ጣራዋ ሸራ፣ የፊት መስተዋቷ ወደ ኮፈኗ የሚተኛ፣ ለሰው ሳይሆን ለጥይት የተሠራች ነች። ቤንዚኑ የሚቀመጠው ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ነው። ነዳጅ ለመሙላት ሾፌሩ ተነሥቶ ትራሱን ያነሣል፤ ሞልቶ ሲጨርስ በነዳጁ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ይህንን ያሰበው ሰው ሾፌር እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። መብራቷን ግን ያሰበው ብልህ ነው። ማሰሪያ ዳዶውን ላላ አድርገህ ስታዞረው መብራቱ ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ የራሷን ሞተር ያበራል። የገዛ ሆዷን የምታይ መኪና ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሰውም አላየሁም።

ሕዝቡ ፌንጣ አላት። በዳገት ላይ ስትዘል ያያት ሌላ ስም አያወጣላትም።

ሾፌሯ ባሻ ታከለ ይባላሉ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጢማቸውን በየሳምንቱ የሚከረክሙ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው እዚሁ ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም ለዜማ ትምህርት ገብተው፣ ድምፃቸው እንቢ ቢላቸው ወደ ጦር ሄዱ። ጦሩ መኪና አስተማራቸው። እዚህ ሲላኩ ፌንጣን ይዘው መጡ። ሰው ያገለገለበትን ጠመንጃ ይዞ እንደሚመጣ ማለት ነው።

ፌንጣ ከየት እንደመጣች ብዙ ወሬ ነበር። እንግሊዝ ጣልያንን ሲያባርር ትቷት ሄደ የሚል አለ። አሜሪካ ለጃንሆይ ሰጠች የሚልም አለ። ባሻ ወሬ አይወዱም፤ ቢላ አውጥተው ከጎኗ ላይ ጥፍር የምታህል ቦታ ፋቁና አሳዩኝ። ከላይ የጽሕፈት ቤቱ ግራጫ፣ ከሥሩ የጦራችን አረንጓዴ፣ ከሥሩ አሸዋ የሚመስል ቢጫ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ሌላ ጥቁር አረንጓዴ። ኮፈኗ ላይ ደግሞ ጎንበስ ብለህ ካየሃት ነጭ ኮከብ በቀለሙ ሥር አብጣ ትታይ ነበር። "በረሃ ነበረች፤ ከዚያ በፊት ደን ነበረች። አሁን ደግሞ ጋይንት ናት። ማዕረጓ እየቀነሰ ነው" አሉኝ።

እኔን ከዘበኝነት ወደ ረዳትነት ያወጡኝ ግራ ጎማዋን ስፈታ አይተው ነው። ጎማ ቀይር ብለውኝ ዳዶውን ወደ ግራ እያዞርሁ እታገላለሁ። ይበልጥ ይጠብቃል። ቁልፉ ላይ ቆምሁበት። ባሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እያዩኝ ሳቃቸውን ጨረሱና፣ የዚች መኪና ግራ ጎማ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው፣ ጎማው ሲሽከረከር ዳዶው እንዳይላላ ብለው ነው የሠሩት አሉኝ። ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም ስላቸው፣ "ብነግርህ ትረሳው ነበር። አሁን ወገብህ ያስታውስሃል" አሉ። ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሳል።

ባሻ ብዙ ልማድ ነበራቸው። ጂፗ ቁልፍ የላትም፣ ማንም ተነሥቶ ሊያስነሣት ይችላል። ስለዚህ ባቆሟት ቁጥር ኮፈኑን ከፍተው፣ እሳቱን ለየካንዴላው ከሚያድለው ቆብ ሥር አንዲት ጥቁር ቁራጭ ያወጡ ነበር። አውራ ጣት አታክልም። ያለሷ ሞተሩ ሬሳ ነው። በቆዳ አሰፍተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሏታል። ያየ ሁሉ ክታብ መሰለው። ፌንጣ የምትሄደው በባሻ ክታብ ነው እየተባለ እስከ ስማዳ ተወራ። አንድ ቄስ መጥተው ገሠጿቸው። ባሻም ቆዳውን ፈትተው ቁራጯን አሳዩዋቸው። ቄሱ አገላብጠው አዩና፣ ከክታብ የባሰ ነገር ነው ብለው ሄዱ።

ወንዝ ስንሻገር ማራገቢያዋን የሚያዞረውን ቺንጋ ያወልቁታል፤ አለበለዚያ ማራገቢያው ውኃውን አንሥቶ ሞተሩ ላይ ይረጨዋል። የካንዴላዎቹን ገመድ ሰም ይቀቡታል። ራዲያተሩ ካፈሰሰ በሶ ይጨምሩበታል። በሶው በሙቀቱ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። አንድ ጊዜ ጉና ሥር ቆመን ክዳኑን ስንከፍት ሽታው ወጣና አንድ ገበሬ ቀርቦ፣ ጌቶች ገንፎውን ብቻችሁን ልትበሉት ነው እንዴ አለን። ጎማ ሲቀደድና መለወጫ ሲጠፋ ደግሞ የጉናን ጓሳ ሣር አጭደን ውስጡን እንጠቀጥቃለን። እየነጠረች ትሄዳለች። አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ ላይ እንዲህ ሆና ስናቆማት አህያ መጥታ በቀዳዳው የወጣውን ጓሳ መንጨት ጀመረች። የአህያዋ ባለቤት እንስሳዬን መኪናችሁ ብትመርዝብኝ ትከፍላላችሁ አለን። የአርብ ገበያ ሰው እንደዚህ ነው። ጎማችንን የበላችው የእሱ አህያ፣ ከሳሽ ሆኖ የተገኘውም እሱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን የማርሹ ነው። ይህን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ፌንጣ ወደ ፊት የምትሄድባቸው ሦስት ማርሾች አሏት። ከነሱ ጎን አንዲት አጭር ዘንግ አለች፤ ሪዶታ ይሏታል። እሷን ስትስባት ሦስቱም ማርሽ ጉልበት ጨምሮ ይንቀረፈፋል። ሦስት በጉልበት፣ ሦስት በሩጫ፣ ስድስት ሆነ። ኋላ ማርሽ ሲጨመር ሰባት። ሰባት ሲሆን የቤተ ልሔም ተማሪ ምን ያስባል? ፊደል። ባሻ ማርሾቹን ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ ብለው ይጠሯቸው ነበር። ግዕዝ የዳገቷ፣ ሳድስ የሜዳዋ፣ ሳብዕ የኋላዋ።

እኔም በዚሁ ተማርሁ። ጠመኔ ይዘው ኮፈኗ ላይ ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ብለው ይጽፋሉ፤ እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ በየፊደሉ ማርሽ አስገባለሁ። ምክንያትም ነበራቸው። "ለ ብለህ ስትጀምር ከደረትህ ነው የምትገፋው፤ ግዕዝም እንዲሁ ትገፋለች። ል ስትል ድምፅህ አጭር ነው፣ ምላስህን ነክቶ ይበራል፤ ሳድስ እሷ ናት። ሎ ስትል አፍህ ይከበብና ወደ ውስጥ ይመለሳል። ኋላ ማርሽ።" ከዚያ ወዲህ ፊደል ስጽፍ ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ይረግጣል። አሁንም እየረገጠ ነው።

ክፉ መንገድ ሲመጣ አንዳችን ወርደን ከፊት እንሄዳለን፤ ድንጋዩን እያየን ለሾፌሩ ማርሹን እንጠራለታለን። ግዕዝ! ካዕብ! ሾፌሩ አይከራከርም፤ የተጠራለትን ያስገባል። ባሻ ወታደር ናቸው፣ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው።

አለቆች ብዙ አየን። አንዱ ቁልቁለት ይፈራ ነበር። ቁልቁለት ሲደርስ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፣ እኛ ከታች እንጠብቀዋለን፤ ሲደርስ ዘግየት ብላችኋል ብሎ ይቆጣል። አንዱ ደግሞ ሚስቱ ፊት ብቻ መሪ ይይዝ ነበር፣ ሞተሩ ሳይነሣ። እነዚህ ደጎች ናቸው። ሦስተኛው ግራዝማች ነበር፤ ስሙን አልጽፍም፣ ልጆቹ በሕይወት አሉ፣ ጥፋቱ የነሱ አይደለም። ግራዝማች አዲስ መኪና እንዲላክለት ጠይቆ ተፈቅዶለታል። አሮጌ እያለ አዲስ አይሰጥም ሲባል ፌንጣን ብረት ብሎ ሊያስወግዳት ቆረጠ። ፌንጣ ከሄደች ባሻም ይሄዳሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ለአዲሱ መኪና ወጣት ሾፌር ከደብረ ታቦር ታጭቷል።

በዚያው ሰሞን የስማዳ አንድ የሚካኤል ደብር ያሠራው ደወል በጭነት መኪና ንፋስ መውጫ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ጭነት መኪና አይሄድም። ካህናቱ ለኅዳር ሚካኤል ይድረስልን ብለው ግራዝማች ፊት ቆሙ። እኔና ባሻ በረንዳው ላይ ነበርን። ግራዝማች መኪና የለኝም፣ ያለችው ብረት ናት አላቸው።

ባሻ ቆባቸውን አወለቁ። "ግራዝማች፣ ደወሉን እኔ ስማዳ ላድርስ። ካደረስሁ ፌንጣ ትቆይ።"

"ካላደረስህስ?"

"እኔም አብሬያት ብረት ልሁን።"

ግራዝማች ሳቀና ካህናቱን ምስክር ጠራ። እኔ ባሻን በክርኔ ነካኋቸው፤ አልሰሙኝም። ወጥተን ስንሄድ፣ ደወሉን እንኳ ሳያነሡት ነው እኮ ቃል የገቡት አልኋቸው። እሳቸው ግን ጎማዎቹን እያዩ ያፏጩ ነበር።

ደወሉን አነሣነው። ስድስት ሰው ነው ያነሣው፣ ፌንጣም ኋላዋ ተቀምጦ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና። ባሻ ከፊት መከላከያዋ ላይ የጤፍ ጆንያ ጭነው ሚዛኗን መለሱ። መንገዱን ሁሉ ስንነጥር ደወሉ ለራሱ ያጉረመርማል። አርብ ገበያን ስናልፍ ሰው ቆብ እያወለቀ ተሳለመን። ባሻ ደስ ብሏቸው፣ በሕይወቴ ሹም መሆን አምሮኝ አያውቅም፣ ዛሬ ግን ሰው ሲሰግድልኝ አይቼ አልጠላሁትም አሉ። የሚሰገደው ለደወሉ ነው አልኋቸው። ቢሆንም ከፊት የተቀመጥሁት እኔ ነኝ አሉ።

ታች ጋይንትን ጨርሰን ወደ ስማዳ የሚያስገባውን ወንዝ ቺንጋ አውልቀን ተሻገርን። ከማዶ ዳገቱ ቆሟል። ጠጠሩ የሚንሸራተት፣ በቀኝ ገደል። ፌንጣ በግዕዝ ገባችበት፤ ግማሽ ወጥታ ጎማዋ ጠጠሩን እየበተነ ባለችበት ትሽከረከር ጀመር። ከላይ እህል ይወቁ የነበሩ ገበሬዎች ደወል መሆኑን ሲያዩ መንሻቸውን ጥለው መጡ። መጫኛ አመጡና ከፊቷ አሰርን። ባሻ መሪው ላይ፣ እኔ ከፊት ገበሬዎቹን ይዤ። ባሻ ጋዝ ሰጡ፣ እኔ እጄን አነሣሁና እንደ ማንኛውም ሰው አልሁ፦

"ሳብ!"

ገበሬዎቹም ሁሉ በአንድ ድምፅ ሳብ አሉ፣ ሳቡም።

ባሻ ከሞተሩ ጩኸት ውስጥ የሰሙት ሌላ ነው። ከፊት የቆመው ረዳታቸው ሳብዕ አለ። ከፊት አደጋ አይቷል ማለት ነው። ወታደር ናቸው፤ አልተከራከሩም። ፍሪሲዮኑን ረግጠው ኋላ ማርሽ አስገቡ።

መጫኛው ተበጠሰ። ገበሬዎቹ በሙሉ በቂጣቸው ተቀመጡ። ፌንጣ ወደ ኋላ ተንደረደረችና የኋላ እግሯ መንገዱን ስቶ ገደሉ ላይ ወጣ። በር ስለሌላት ባሻ ተወርውረው ወጡ፤ በር ቢኖራት ይህን ታሪክ እየሳቅሁ አላጫውታችሁም ነበር። እሷ አንዲት ወይራ ላይ ተደግፋ ቆመች። ደወሉ ግን አልቆመም። ከኋላዋ ወጣ፣ ገደሉን ያዘ፣ እየደወለ ወረደ። ከድንጋይ ድንጋይ ሲመታ ድምፁ እንዴት ያምር ነበር! ከሥር ባሉት መንደሮች ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ሲያማትቡ ይታዩናል። የትኛው ደብር እንደሆነ ሳያውቁ።

ባሻ አቧራቸውን ሳያራግፉ ወደ እኔ መጡ።

"ለምን ሳብዕ አልህ?"

"ሳብ ነው ያልሁ።"

"እኮ! ሳብዕ አልህ፣ ኋላ አስገባሁ።"

"ሳብ፣ ባሻ። መሳብ። ገመድ መሳብ።"

አሁን አቧራቸውን አራገፉ። ከዚያ፣ "ጎትት አትልም ነበር?" አሉ።

ጥፋቱ የማነው እያልን ስንጨቃጨቅ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቂጣቸውን እያሻሹ፣ "ልጆቼ፣ ክርክሩን አቆዩት፤ ደወሉ ገና አልደረሰም" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከታች አሁንም ይሰማ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የእኔ ነው አልልም። የሳቸውም አይደለም። ጥፋቱ ሰባተኛውን ፊደል እንዲህ ብሎ የሰየመው ሰው ነው።

ደወሉን ገበሬዎቹ ከወንዙ አውጥተው በአጣና ተሸክመው ለበዓሉ አደረሱት። ከንፈሩ ላይ ተሰንጥቋል። ሰቅለው ሲመቱት ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ አወጣ። እኔ መሬት ብትከፈት ልገባ ነበር። የደብሩ አለቃ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙና፣ "ጎርነን ብሏል። ግድ የለም፣ የእኛ መሆኑ ከሩቅ ይለያል" አሉ። ባሻ ግን ሲመቱት እያዩ አለቀሱ። በእሳቸው ላይ እንባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በዜማ ያልሆነላቸው ሰው፣ የደብር ድምፅ ሰበርሁ ብለው ነው ያዘኑት እንጂ ስለ እንጀራቸው አልነበረም።

ፌንጣን ከወይራዋ አውርደን፣ የኋላ ጎማዎቿ ዘንግ ተጣሞ፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየሄደች ንፋስ መውጫ ገባን። ግራዝማች በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ደወሉ በሰው ትከሻ ደርሷል፣ በፌንጣ አልደረሰም አለ። ባሻ አልተለማመጡም። የመንግሥቱን ካፖርት አወለቁ፣ አጣጥፈው ወንበር ላይ አኖሩ፣ ለቃላቸው እጅ ነሥተው ወጡ።

በማግሥቱ ከደብረ ታቦር የመጣው ወጣት ሾፌር ፌንጣን ሊወስዳት ተቀመጠ። ረገጣት፣ አልተነሣችም። ካንዴላ ፈታ፣ ቤንዚን ለወጠ፣ ሰው አስገፋ። ግራዝማች በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል። እኔ ባሻን በአጥሩ ወዲያ አየኋቸው፤ አንገታቸው ላይ ያለችውን ክታብ በጣታቸው እያሻሹ ሰማዩን ያያሉ። በመጨረሻ ሁለት በሬ አስመጡና በገበያ ቀን ተጎትታ ከከተማ ወጣች። ከእንግሊዝ ጋር ዘምታ፣ በረሃ አቋርጣ፣ በበሬ ተሸኘች። ሕዝቡ የባሻ ክታብ እንደሠራ አወቀ። ቄሱም መጥተው እኔ ቀድሜ ተናግሬ ነበር አሉ።

አዲሱን መኪና በኋላ ወጣቱ ሲለቅ እኔ ያዝሁት። ማርሹ አራት ነው፣ ከሪዶታው ጋር ስምንት፣ ከኋላው ጋር ዘጠኝ። ቤተ ልሔም አካባቢ ወደ ተቀመጡበት ሄጄ ፊደሉ አልበቃኝም፣ ምን ልበላቸው ስል ባሻን ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "የተረፉትን ዲቃላ በላቸው። ፊደሉም እነ ቋ፣ እነ ጓ የሚባል ዲቃላ አለው" አሉ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ዲቃላ እያልሁ ነዳሁ። አለቆቹ ሲሳደብ ነው ብለው ያስቡ ነበር። አንዳንዴ እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር ያንኑ ክርክር ነው የምናነሣው። ጎትት ብትል ኖሮ ይላሉ። ፍሬን ቢይዙ ኖሮ እላለሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ጠላ እየቀዱ፣ ሁለት የደወል ሰባሪዎች ይሉናል።

ባሻ ያረፉት በጾም ወቅት ነው። ቀብራቸው ላይ ሄድሁ። አስከሬኑን በመጫኛ ሲያወርዱት አንደኛው ወገን ዘነበለ። ከጉድጓዱ አፍ የቆመው ሰው እጁን አነሣና፣

"ከወዲያ ሳብ! ሳብ!" አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ቄሱ ቆም ብለው አዩኝ፣ ሰው ሁሉ ዞረ፣ አንዱ ዘመድ በክንዴ ይዞ ሊያወጣኝ መጣ። ወይዘሮ ጥሩነሽን አየኋቸው፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል፣ ትከሻቸው ግን የሚያለቅስ ሰው ትከሻ አይመስልም።

አፈሩ ተመለሰ፣ ሰው ተበተነ። እኔ ብቻዬን ቆየሁ። የሚያልፉት ምን ትጠብቃለህ አሉኝ። ባሻ ትእዛዝ የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ሳብ ሲባሉ ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሚመጡት።